ከበር ኋላ ያለው ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መተዳደሪያው ደግሞ ድብብቆሽ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የሚሸጡና የሚከራዩ ቤቶችን ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶው ግን እኛ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም። ካሜራው ፊቱም ኋላውም ዓይን አለው። ክፍሉ መሃል በአንድ እግሩ ይቆምና ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያነሳዋል። ከዚያ ቤት ፈላጊው ሰውዬ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ስልኩ ላይ ጣቱን እየጎተተ፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት ይዘዋወራል። ጫማ ማድረግ የለ፣ ደላላ መከተል የለ።

እንግዲህ አስቡት። ካሜራው ዙሪያውን የሚያይ ከሆነ አንሺው የት ይቁም? መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ወንድሜ ካሜራውን ያቆምና ይሮጣል። ከበር ኋላ ይገባል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ከወጥ ቤቱ ባንኮኒ ሥር ይንበረከካል፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይተኛል። እዚያ ሆኖ ስልኩን ይነካል፤ ካሜራው ጢን፣ ጢን፣ ጢን ብሎ ያነሳል፤ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ክፍል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ከዘጠኝ መቶ በላይ ቤት አንስቷል፤ አንዱም ውስጥ እሱ የለም።

ለዚህ ሥራ ፈጣሪ ራሱ መርጦ የሠራው ሰው ነው ብዬ እምላለሁ። ልጅ ሆኖ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ነበር የሚገኘው። ትምህርት ቤት መምህሩ ስም ሲጠሩ «አለሁ» የሚልለት አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው ነበር፤ እንዲያውም ያ ጓደኛው የታመመ ቀን ወንድሜም አብሮ ቀሪ ተብሎ ተመዝግቧል፣ እዚያው ቁጭ ብሎ! በሠርጌ ፎቶ ላይ ከፈለጋችሁት ከአጎታችን ትከሻ ኋላ አንድ ጆሮ ታያላችሁ፤ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል፣ ምላሴ ከመርፌዬ የማይተናነስ ሴት። እናታችን ሁለታችንን እንዴት እንደወለደች ሳይገባት ነው ያረፈችው።

እስካለፈው ዓመት ድረስ ከእኔና ከባሌ ጋር፣ ጓሮ ካለችው ክፍል ይኖር ነበር። አዲስ ነገር ሲሞክር የሚሞክረው በእኛ ሳሎን ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ሠልጥኗል። ጢን የሚል ድምፅ ከተሰማ ማንም ሰው ያለበት አይገኝም። ባሌ ጋዜጣውን ይዞ ይሰወራል። እኔ መቀሱን እንደያዝኩ ከበር ኋላ ነኝ። አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ተሰልፌ የሆነ ማሽን ጢን ቢል ከመደርደሪያው ኋላ ቁጢጥ ብዬ ተገኘሁ። መድኃኒት ሻጯ «እናቴ፣ ወደቁ እንዴ?» ብላ ደግፋ አነሳችኝ። ምን እላታለሁ? «አዎ፣ ትንሽ አዙሮኝ ነው» አልኳት።

አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ ሥራውን አይቻለሁ። የጡረተኛ ዳኛ ቤት ነበር፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ሰፊ፣ መጋረጃው ሁሉ ከባድ። ወንድሜ በር ላይ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ገባ፤ የሰው ወለል አላቆሽሽም ይላል። ከዚያ መብራቱን ሁሉ አበራ፣ መጋረጃውን ገለጠ፣ የሽንት ቤቱን ክዳን ዘጋ፣ ሶፋው ላይ የነበረውን የርቀት መቆጣጠሪያ ደበቀ፣ የተንጠለጠለውን ፎጣ እንደ ሆቴል አጣጠፈ። ቤት ውስጥ የራሱን ብርጭቆ የማያነሳ ሰው! አፌን ይዤ ቀረሁ። ዳኛው «እኔስ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «ይደበቁ» አላቸው። እኚያ ስንቱን ያስጨነቁ ሰውዬ ከነክራቫታቸው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተጋደሙ። ወንድሜ በሹክሹክታ «ክቡር ዳኛ፣ እግርዎ ይታያል፤ ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉት» ይላቸዋል። ሰበሰቡት። ሲወጡ «ከዚህ በፊት በሰው ትእዛዝ ዝም ብዬ አላውቅም ነበር» ብለው ሳቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ካልሲው።

ያ ካልሲ ግራጫ ነበር። ተረከዙ ተቀዶ አመጣልኝ፤ ግራጫ ክር አለቀብኝና በቀይ ጠቀምኩለት። «በጫማ ውስጥ ማን ያየዋል?» አልኩ። በሰው ቤት ጫማ እንደሚያወልቅ ረስቼ።

የሚሠራለት የቤት ሽያጭ ድርጅት በዚያው ሰሞን ሥራዎቹን ለሕዝብ ከመለቀቃቸው በፊት የምታጣራ ሴት ቀጥሮ ነበር። ወንድሜ ሥራውን በኢንተርኔት ይልካል፤ እሷ ክፍል በክፍል ትፈትሽና ስህተቱን በቅጽ ትጽፍለታለች። ስሟ ቅጹ ላይ የለም፤ «ተቆጣጣሪ» ብቻ ይላል። ያን ሳምንት የመጣው ቅጽ እንዲህ ይላል፦ «ሦስተኛ መኝታ ክፍል። ከበሩ ሥር አንድ ካልሲ ይታያል። ግራጫ። ተረከዙ በቀይ ክር ተጠቅሟል። የጠቀመው ሰው እጁ ይባረክ።»

ወንድሜ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ፊቱ ደም መሰለ። እኔ ግን ሴትዮዋን የዚያኑ ዕለት ወደድኳት። ባሌ እንኳ ሃያ ሁለት ዓመት ስጠቅምለት «እጅሽ ይባረክ» ብሎኝ አያውቅም።

ከቅጹ ሥር መልስ መስጫ ቦታ አለ፤ የሚከፈተው ግን ስህተት ሲገኝ ብቻ ነው። ወንድሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጽፍ ሲያጠፋ ቆይቶ «ይቅርታ፤ አስተካክላለሁ። የጠቀመችው እህቴ ናት» ብሎ ላከ። ለእሱ ይህ ረጅም ደብዳቤ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቅጽ መጣ። «ወጥ ቤት። የማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ አንድ ክርን ይታያል።» በሚቀጥለውም፦ «በረንዳ። መስታወቱ ላይ ግማሽ ጆሮ ይታያል።» ወንድሜ «ግራ ነው ቀኝ?» ብሎ መለሰላት። እሷ፦ «ግራ። ቀኙን ገና አላየሁም።»

ይህን ሲያነብ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት። የወንድሜን ሳቅ ካልሰማሁ ዓመት አልፎኝ ስለነበር ስፌቴን ጥዬ ሮጥኩ። ስልኩን ሊደብቅ ሲል ቀማሁት። ቅጾቹን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ከዚያ ፎቶዎቹን አየሁ። ኧረ ጉድ! የመጨረሻው ቤት ላይ ከመጋረጃው ጫፍ አንድ ጣት ወጥታለች። ተረስታ የወጣች ጣት አይደለችም። ቀጥ ብላ የቆመች፣ ሰላም የምትል ጣት ናት።

«አንተ!» አልኩት። «ስድስት ዓመት ሳትያዝ ኖረህ አሁን በየሳምንቱ የምትያዘው ምን ሆነህ ነው?»

«እታለም፣ በናትሽ ስልኬን...»

«ሆን ብለህ ነው!»

ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጣሪያ ሲያይ አዎ ማለቱ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ወር ሄደ። እሷ ጥላውን አገኘች፣ አገጩን በቴሌቪዥን መስታወት ላይ አገኘች፣ አናቱን ከሶፋ ኋላ አገኘች። «ፀጉሩ መቆረጥ አለበት» ብላ ጻፈችለትና በነጋታው ተቆርጦ መጣ። እኔ ስንት ወር ስለምነው የኖርኩትን! ድምጿን ሰምቶ አያውቅም፣ መልኳን አላየም፤ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ቅጹ ሲመጣ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ለባሌ «ወንድሜ ሴት ወደደ» ብለው «የት አግኝቷት?» አለኝ። «ስህተት ውስጥ» አልኩት። አልገባውም፤ ቀስ ብዬ አስረዳሁት።

ታዲያ ደስታ የሚያናድደው ሰው አይጠፋም። ሥራ አስኪያጁ የስህተቱን ብዛት አይቶ ደብዳቤ ላከ፤ ከእንግዲህ አንዲት ስህተት ብትገኝ ውሉ ይቋረጣል። ወንድሜ ምን ያድርግ? ሥራው ነው። እንደገና በደንብ መደበቅ ጀመረ። እሷም ማክሰኞ ማክሰኞ «ስህተት አልተገኘም» ብላ ትልካለች። ስህተት ከሌለ ደግሞ የመልስ ቦታው አይከፈትም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አራት ሳምንት። ለምን እንደጠፋ እንኳ የሚነግርበት መንገድ አጣ። ስልኳን እንዳይጠይቅ ስሟን አያውቅም፤ ቢያውቅስ ይጠይቃል? እህል አልወርድ አለው። ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጠበብኩለት።

በአምስተኛው ሳምንት ቅጹ ሐሙስ መጣ። «ስህተት አልተገኘም። ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ እንድዛወር ተጠይቄአለሁ፤ ሰኞ መልስ እሰጣለሁ። ከተዛወርኩ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሚያጣራው ሌላ ሰው ነው።» ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

ልጅቷ እየጠየቀችው መሆኑ ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ሴት ልጅ ለማንም ፎቶ አንሺ «ሰኞ መልስ እሰጣለሁ» ብላ አትጽፍም። «ነገ ቢሮዋ ትሄዳለህ» አልኩት። ሌሊቱን ሸሚዝ ሰፋሁለት፤ ሰማያዊ፣ ኮሌታው ቀጥ ያለ። ዓርብ ጠዋት አልብሼ፣ አበጥሬ፣ በር ድረስ ሸኝቼ፣ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁት።

እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ።

«አየሃት?»

«አየኋት። ጠረጴዛዋ ላይ ‹ማጣራት› ይላል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።»

እሰይ አልኩ በሆዴ። «እሷስ አየችህ?»

የሸሚዙን ቁልፍ መነካካት ጀመረ።

«የት ነበርክ?»

«ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኋላ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«አርባ ደቂቃ።» ቀጥሎም፣ «አንድ ሰውዬ ኮፒ አድራጊው መስዬው ወረቀት ሰጠኝ። አሥራ ሁለት ቅጂ አደረግኩለት። ሌሎችም መጡ።»

ደሜ ፈላ። ባሌ ነገሩ እንደሚብስ አውቆ ጋዜጣውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። «ምን ይሻልሃል አንተ ሰው!» ብዬ ጀመርኩ። «ሸሚዝ ሰፍቼ የላክሁህ ወረቀት እንድታባዛ ነው? ካልሲህን ታውቃለች፣ ክርንህን ታውቃለች፣ አገጭህን ታውቃለች፣ ግራ ጆሮህን ታውቃለች። ሰውየውስ የት አለ ብትል ምን ልንላት ነው? ዕድሜህን ሙሉ ከበር ኋላ! ሰኞ ልጅቷ እሺ ብላ ትሄዳለች፤ አንተ እዚያው ባንኮኒ ሥር ተንበርክከህ ታረጃለህ!»

እኔ ስጮህ እሱ ወለሉን ያያል። ስጨርስ ቀና አለና «እታለም፣» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «ቁርጥራጬን ነው የወደደችው። ሙሉውን ስታይ ደስ ባይላትስ?»

ያን ሁሉ ጩኸቴን መልሼ በዋጥኩት ብዬ ተመኘሁ። አንድ ሰው ይህን ፍርሃት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ተሸክሞ ሲኖር፣ እኔ እህቱ «ዓይን አፋር ነው» እያልኩ ስስቅበት ኖርኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እኔ ሙሉውን አይቼሃለሁ፤» አልኩት፣ «ከተወለድክበት ቀን ጀምሮ። ደህና ነህ። ምንም አልጎደለህም።» ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ እኔም አበቃለት ብዬ አልቅሼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ያን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካሜራውን ይዞ ሳሎን ገባ። ሳሎን ስላችሁ የእኔን ሳሎን ነው፤ የስፌት መኪናው መሃል ላይ፣ ያላለቀ ቀሚስ ወንበር ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሬት ላይ፣ ባሌ በቤት ሱሪው ሶፋ ላይ። ካሜራውን ሲያቆመው አይቼ ጨርቁን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ተይው፤» አለኝ። ፎጣ የሚያጣጥፈው ሰው! «ሁሉም እንዳለ ይሁን።»

«ለምንድን ነው?»

«ለእሷ ልልከው ነው።»

«በዚያው በሥራው መንገድ? ሥራ አስኪያጁ ቢያየውስ?»

«ይየው» አለ።

ይህን ቃል ከወንድሜ አፍ ሰማሁ። ከማለቱም ስልኩን ነካ። ጢን!

ከዚያ በኋላ በሆነው አትፍረዱብኝ። ስድስት ዓመት የሠለጠንኩበት ነው። ራሴን ሳገኘው ከበር ኋላ ተለጥፌአለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ዷ ሲል ሰማሁ። ጢን፣ ጢን። ጸጥታ። አንገቴን ብቅ ባደርግ ወንድሜ ከካሜራው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ሳሎኑ መሃል ላይ፣ ብቻውን ቆሟል። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጎኑ ላይ ለጥፎታል። ግንባሩ በላብ ርሷል። ግን ቆሟል። በካልሲ። በዚያች ባለ ቀይ ክር ካልሲ።

«ለምን ተደበቃችሁ?» አለን።

«ልማድ ነው፤» አለ ባሌ ከጠረጴዛው ሥር። «አሁን አውጡኝ፤ ወገቤ ተይዟል።»

ጎትተን አወጣነው። እኔ በሃፍረት «በል ድገመው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይላክም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ሁለተኛ አልችልም፤ ያለኝ ድፍረት ይቺ ናት» አለና ላከው።

ቅዳሜ እሷ እስከ ምሳ ሰዓት ትሠራለች። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት፣ አምስት። የደንበኛዬን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁ። ባሌ ያንኑ የጋዜጣ ገጽ እያየ ዋለ። ወንድሜ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በሩቁ ያየዋል። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጮኸ፤ ሦስታችንም ዘለን ልንደበቅ ነበር። ቅጹን እኔ ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩት፤ እሱ ስልኩን ወደ እኔ ገፍቶት ነበርና።

«ሳሎን። ከበሩ ሥር የሴት ነጠላ ጫማ ይታያል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ አዋቂ ሰው ይታያል፤ የተመቸው አይመስልም። ስፌት መኪናው ላይ ቀይ ክር ይታያል፤ ክሩን አውቀዋለሁ። ቀኝ ጆሮ ተገኝቷል። መሃል ላይ የቆመው ሰው ስህተት አይደለም፤ ከፎቶው እንዳይወጣ። አድራሻው ቅጹ ላይ ስላለ አሥር ሰዓት ላይ በአካል መጥቼ አጣራለሁ። የሰኞው መልስ ከዚያ በኋላ ይወሰናል።»

እልል ልል አፌን ስከፍት ባሌ በእጁ ያዘልኝ። ከዚያ ቤቱን እንዴት እንዳጸዳሁት አልነግራችሁም። ወንድሜ «እንዳለ ይሁን» እያለ ይከተለኛል፤ እኔ ምን ሲደረግ! ካሜራ ሌላ፣ ሰው ሌላ።

አሥር ሰዓት ሲሆን የውጭው በር ተንኳኳ። ዞር ብል ወንድሜ የለም።

በቀጥታ ከሳሎኑ በር ኋላ አየሁ፤ የለም። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ኮት ብቻ። አልጋው ሥር ተንበርክኬ አየሁ፣ ገላ መታጠቢያውን አየሁ። ሸሸ አልኩ፤ እንባዬ መጣ። ለዚያች ልጅ ምን ብዬ በር እንደምከፍትላት እያሰብኩ ወደ ኮሪደሩ ስወጣ በሩ ተከፍቷል፤ ወንድሜ ደፉ ላይ ቆሟል፣ ጀርባው ወደ እኔ ነው። እኔና ባሌ ከመጋረጃው ኋላ ገባን።

ከውጭ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ለካ እሷም ፈርታለች። እጇ አፏ ላይ መሆኑን ሳላያትም አወቅኩ።

«ፎቶው ላይ ያለው ሰው አለ?» አለች።

ወንድሜ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። በእሱ ፈንታ ማንም አልመለሰለትም፤ የአጎት ትከሻ የለ፣ የክፍል ጓደኛ የለ።

«አለሁ» አለ።